ማስተካከያ፦ ስለ ቆራጣ አመሠራረት

በጣና ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር በስተሰሜን ስለምትገኘው ቆራጣ ቀደም ሲል የወጣው አጭር ጽሑፍ፣ መንደሯ በጣልያን ወረራ ዘመን ለጀልባ ማረፊያነት እንደተቆረቆረች መግለጹ ትክክል አይደለም። ቆራጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የንግድ ከተማ የነበረች ሲሆን፣ አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን በ1858 ዓ.ም. ከነባልደረቦቹ ያስቀመጡት በዚሁ ስፍራ ነው። ዛሬ ትንሽ የገጠር መንደር ሆና የሚያያት ሰው ይህን ላይገምት ይችላል። ከዚያም በፊት ቢሆን ስሟ፣ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ሲቀበሉ በጽናት ከተቃወሙት ከእናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጋር የተያያዘ ነው፤ የቦታው ቤተ ክርስቲያንም የሚጠራው በእርሳቸው ስም ነው። ይሁን እንጂ ቅድስቲቱ በ1635 ዓ.ም. ዐርፈው የተቀበሩት፣ ጽሑፉ እንዳለው በቆራጣ ሳይሆን በሬማ ደሴት ገዳም ነው።