«አወቁኝ?» እያልን እናቶቻችንን አናድክም

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን በጠያቂ ይሞላል። ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል። እንግዳ ሁሉ እማዬን ስሞ ሳይቀመጥ «እማማ፣ አወቁኝ?» ይላል። ትኩር ብላ ታየውና «እንዴት አላውቅህም!» ትላለች። «እሺ፣ ማን ነኝ?» ይከተላል። ስሙን ስትስት ይሳቃል፣ ትታረማለች፣ ከዚያ የሚቀጥለው ሰው ተራ ይሆናል። ሁሉም የሚጠይቃት በፍቅር ነው። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ግን እራቷን ሳትቀምስ ትተኛለች፤ ሰኞም እስከ ቀትር ከአልጋዋ አትነሳም።

ሁለቱን ነገር ለማገናኘት ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል። ቤተሰቡ «እድሜ ነው» ይል ነበር። «ሰነፈች፣ ተነሺ በሏት እንጂ» ያለም አለ። ይሄ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል። ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት በሽታ የሚያመጣው ድካም ስንፍና አይደለም። ጤነኛ ሰው ነጠላውን ሲያጣፋ አያስብም፤ እጁ ያውቀዋል። እማዬ ግን ጫፉን ትፈልጋለች፣ በየትኛው ትከሻዋ እንደምትጥለው ታስባለች፣ መሀል ላይ ምን ልታደርግ እንደነበረ ይጠፋባታል፣ እንደገና ትጀምራለች። ለእሷ መልበስ ብቻውን የቀን ሥራ ነው። የሰው ስም ከትዝታ ጓዳ ፈልጎ ማውጣት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። አሥር እንግዳ «ማን ነኝ?» ሲላት አሥር ጊዜ ዳገት እያስወጣናት ነበር።

አሁን ገላዋን የምናጥባት እንግዳ በማይመጣበት ቀን፣ ጠዋት፣ ጉልበቷ ሳለ ነው። ጠያቂም በአንዴ ከሁለት ሰው እንዳይበልጥ ለምነናል፤ የተቀየመን ዘመድ አለ። በሽታው ቀንና ሌሊትን የሚለየውን የአንጎል ሰዓት ስለሚያዛባ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ከምሳ በኋላ ወንበሯ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ታሸልባለች። ከዚያ ከበለጠ ሌሊቱን ቤት ውስጥ ስትዞር ታድራለች፤ ጭራሽ ካላረፈች ደግሞ አመሻሹ ላይ ትረበሻለች፣ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች።

ድካሙን ሁሉ በመርሳት በሽታ ማሳበብም ያሳስታል። ባለፈው ክረምት በሁለት ቀን ውስጥ ከእንቅልፏ መንቃት አቃታት። ትኩሳት የላት፣ «አመመኝ» አላለች። ሲመረመር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ ታክማ በሳምንቱ ተነሳች። «በሽታዋ ባሰባት» ብለን ተቀምጠን ቢሆን ኖሮስ? ድንገት የመጣ ድካም ቶሎ ሐኪም ማየት አለበት። ቀስ ብሎ ለሚመጣውም የደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ ድብርት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቢ12ን የምናገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ አጽዋማትን ሁሉ ሳያጓድሉ ለኖሩ አዛውንት ምርመራውን እንድትጠይቁ እመክራለሁ። የታመመ ሰው እንዳይጾም የንስሐ አባት ይፈቅዳሉ፤ እማዬም ወተት እሺ ያለችው እሳቸው ሲነግሯት ነው። መድኃኒቷንም እዩ። ክሎርፌኒራሚን ያለበት የጉንፋን እንክብልና «እንቅልፍ እንዲወስዳት» ተብሎ የሚሰጥ ዳያዚፓም አዛውንትን ያፈዛል፣ ያደናግራል፣ ይጥላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰው ከዚህ በሽታ ጋር ይኖር ነበር፤ ከመቶው ከስልሳ በላይ የሚሆነው እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በእኛ አገር ሸክሙ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በአንዲት ሴት ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ለመጠየቅ የምትመጡ ዘመዶች፣ አንድ ከሰዓት ከታማሚዋ አጠገብ ተቀምጣችሁ አስታማሚ ልጇን እንድትተኛ ብታሳርፉልን ከሙዝና ከብርቱካኑ ይልቅ እናመሰግናችኋለን።

ጎረቤታችን ዘንድሮ ስትገባ አትጠይቃትም። «እኔ ነኝ እማማ፣ ከማዶ ያለችው ጎረቤትዎ» ትልና እጇን ይዛ አጠገቧ ትቀመጣለች። እማዬ ስሟን አንድም ቀን ጠርታ አታውቅም። «ቡና አፍሉላት» ትለናለች፤ ማታም እራቷን ትበላለች።