ሐኪሞች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው፤ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በጤና ሙያ ሠርታችሁ ጦር ሠራዊት ልትገቡ ላሰባችሁት። ሐኪምም ሁኑ ነርስ ወይም የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ሐሳባችሁን አላጣጥልም። ሠራዊት ያለ ጤና ባለሙያ አይቆምም። የምቆጣው አገባባችሁን አይቼ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትሄዱት ሸሽታችሁ ነው። ዲዩቲው ሰለቻችሁ። ከአለቃ ጋር አልተግባባችሁም። ዩኒፎርሙ ይህን ሁሉ የሚገላግላችሁ መሰላችሁ። ይሄ ከድጡ ወደ ማጡ ነው! እዚያም ተረኝነት አለ፤ ፎርም መሙላት አለ፤ አለቃም አለ። ሲቪል ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ሲመር መልቀቂያ ይጻፋል። የወታደር ውል ግን ዘመኑ ሳይሞላ በቀላሉ አይፈርስም።

ማዕረጉም አያታልላችሁ። በብዙ አገሮች ሐኪም ወደ ሠራዊት ሲገባ ከተራ ወታደር አይጀምርም፤ ትምህርቱና ልምዱ ታይቶለት መኮንን ይሆናል። ትከሻ ላይ ምልክት ስለተደረገ ግን እጅ አይሠለጥንም። ለዓመታት ስኳርና ደም ግፊት ስትከታተል የኖርክ ሐኪም፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ደረት ውስጥ ቱቦ ለመጨረሻ ጊዜ ያስገባኸው መቼ ነው? ጭኑን የተመታ ልጅ ፊትህ ቢወድቅ፣ ላብራቶሪ የለም፤ ደውለህ የምታማክረው ስፔሻሊስትም የለም። ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ ያለህ ጊዜ የደቂቃዎች ነው። ከቁስሉ በላይ ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም ማቆሚያ ማሰሪያ ታስራለህ፤ ደሙ እስኪቆም ታጠብቃለህ፤ ያሰርክበትን ሰዓት ትጽፋለህ። መተንፈሻው መከፈቱን ታያለህ። ደረቱ ውስጥ አየር ታምቆ ሳንባውን እየተጫነው እንደሆነም ትመረምራለህ። ከዚያ ትሸፍነዋለህ፤ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ከበረደው ደሙ መርጋት ያቅተዋልና። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ላይ ታውቀዋለህ። እጅህስ ያውቀዋል?

ስለዚህ ገና ሲቪል ሳለህ ድንገተኛ ክፍል ተመለስ። በዕድሜ የምትበልጠው ባለሙያ ቢያሠለጥንህ አትፈር። አንተ ተማሪ ለመባል ስታፍር ዋጋውን የሚከፍለው ቁስለኛው ነው።

ዕድሜያችንን ሰበብ አናድርገው። ካናዳዊው የደረት ቀዶ ሐኪም ኖርማን ቤትዩን (Norman Bethune) እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ ስፔን ጦርነት ሲሄድ 46 ዓመቱ ነበር። እዚያ ደም ሰብስቦ ወደ ግንባር የሚያደርስ ቡድን አቋቋመ። ቁስለኛው ሆስፒታል እስኪደርስ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በ1939 ቻይና ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ጣቱ ላይ ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሞተ። የሄደበት ሥራ ምን እንደሚያስከፍል የገባው ሰው ነበር።

የጦርነት ሕጉንስ አንብባችኋል? እ.ኤ.አ. በ1949ኙ የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት መሠረት፣ ሥራው ሕክምና ብቻ የሆነ የሠራዊት አባል ሊከበርና ሊጠበቅ ይገባዋል። መሣሪያ ቢይዝም ራሱንና ቁስለኞቹን ለመከላከል ነው። ያው ስምምነት ከባድ ግዴታም ይጥልባችኋል። ማን ቀድሞ ይታከም የሚለውን የሚወስነው የሕክምናው አጣዳፊነት ብቻ ነው። የእናንተ ሻለቃ ክንዱ ቢላጥ፣ የተማረከው የጠላት ወታደር ደግሞ ሆዱ ቢበሳ፣ መጀመሪያ የሚታየው ምርኮኛው ነው። ጓዶቻችሁ በቁጣ ከበው እየጮኹባችሁም ቢሆን! ይህን ማድረግ የማይሆንላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አትሂዱ። በጥላቻ ልብ የሚሄድ ሐኪም እዚያ አያስፈልግም።

እናንተ ደግሞ ዳር ቆማችሁ «ሐኪም ሆኖ ጦር ሜዳ ምን አቃጠለው?» እያላችሁ የምታሙ፣ ተዉ። ነገ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ቢቆስል፣ የሚያክመው የሠለጠነ ሰው እንዲኖር ትፈልጋላችሁ።

አሁንም ወደ እናንተ ልመለስ። ውሉን ለብቻችሁ አታንብቡት፤ ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። አገልግሎቱ ስንት ዓመት ነው? ለግዳጅ ስትጠሩ ልጆቹ ከማን ጋር ይሆናሉ? የሙያ ፈቃዳችሁ እንዴት ይታደሳል? ከሠራዊቱ ስትወጡ የሲቪሉ የሥራ ዘመናችሁ ይያዝላችኋል? አንዱ እንኳ መልስ ካላገኘ እስክሪብቶውን አስቀምጡና መልማዩን ጠይቁ። መልሱንም በቃል አትቀበሉት፤ በጽሑፍ ይስጣችሁ።