«ውኃው ለጤና አይጎዳም» የሚለው መልስ ለጥያቄያችን መልስ አይሆንም

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር የምንኖር ሰዎች ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምናነሣው ወሬ የቧንቧ ውኃ ከሆነ ሰነባብቷል፤ ምሬቱ በየበሩ ላይ ከሚቀር ብዬ ዛሬ በዝርዝር ልጽፈው ወስኛለሁ። ብሶቴ ውኃ ጠፋ የሚል አይደለም፤ ውኃው ይመጣል። የሚመጣው ውኃ ግን ሳሙና አረፋ የማይሰጥበት፣ የተፈላበትን ዕቃ ሁሉ በነጭ ቅርፊት የሚለብጥ፣ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ቡናማ ሆኖ የሚወርድ ነው። ይህንን ለሚመለከተው ክፍል ባመለከትን ቁጥር የሚሰጠን መልስም ተለውጦ አያውቅም፦ «ውኃው ደረጃውን የጠበቀ ነው፤ ለጤና አይጎዳም።»

ውኃ የምናፈላበትን ማንቆርቆሪያ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ ለተመለከተ ሰው ብረቱ አይታየውም። ከሥሩ ጀምሮ ውኃው እስከሚደርስበት ከፍታ ድረስ ግራጫ ያዘለ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል፤ በማንኪያ ጫፍ ሲነካ እየተሰነጠቀ ይረግፋል፤ ርጋፊውም ከውኃው ጋር ወደ ብርጭቆ ይወርድና ከታች ይዘቅጣል። የሻወሩ ቀዳዳዎች ግማሾቹ ስለተደፈኑ ውኃው ወደ ጎን እየተረጨ የሚያጥበው ሰውን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ፎጣው ታጥቦ ሲደርቅ ይገተራል፤ ነጭ ልብስ በጥቂት እጥበት ውስጥ ይዳምናል፤ ፀጉር የታጠበ አይመስልም።

ምክንያቱ የተሰወረ ነገር አይደለም። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ከርሰ ምድር ሲሰርግ መጠነኛ አሲድነት ያገኛል፤ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍም ካልሺየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። የውኃው ጥንካሬ የሚባለው የእነዚህ የሁለቱ ማዕድናት መጠን ሲሆን፣ የሚለካውም እንደ ካልሺየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ ዋና ንጥረ ነገር) ተሰልቶ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ በመግለጽ ነው። በተለምዶ እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ ደግሞ በጣም ጠንካራ ተብሎ ይመደባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ጥንካሬ ከጤና አንጻር ያስቀመጠው የመጠን ገደብ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ካልሺየምም ሆነ ማግኒዥየም ሰውነታችን የሚፈልጋቸው ማዕድናት ስለሆኑ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ያው ድርጅት በመጠጥ ውኃ መመሪያው ላይ የጥንካሬው መጠን በሊትር ከ200 ሚሊግራም አካባቢ ሲያልፍ በማከሚያ ጣቢያ፣ በመሥመርና በየሕንፃው ታንከር ውስጥ ዝቃጭ ሊጋገር እንደሚችል አስፍሯል። እኛ የምንጠይቀው ስለዚህ ዝቃጭና ስለሚያስከትለው ወጪ ሆኖ ሳለ በየጊዜው ስለ ጤና ብቻ መልስ መስጠት ጥያቄውን መሸሽ ነው።

ወጪው በማን ላይ እንደወደቀ ማየት ለሚፈልግ ሰው አንድ የተበላሸ የውኃ ማሞቂያ ሲፈታ መመልከት ይበቃዋል። ቧንቧ ሠራተኛው ከቤታችን ማሞቂያ ውስጥ ያወጣው ሬዚስታንስ (ውኃውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ዘንግ) በተጋገረው ኖራ ምክንያት ከዋናው ውፍረቱ ብዙ እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ከታንከሩ ሥር የተዛቀው ስብርባሪም ባልዲ ይዟል። በውኃው ውስጥ የሟሟው ባይካርቦኔት ሲሞቅ ይፈርስና ካልሺየም ካርቦኔት ሆኖ ትኩስ በሆነው አካል ላይ ይጣበቃል። ይህ ቅርፊት ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ሬዚስታንሱ ሙቀቱን ወደ ውኃው ማሳለፍ ያቅተውና ራሱን አግሎ ይቃጠላል፤ እስኪቃጠልም ድረስ ያንኑ ውኃ ለማሞቅ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚሠራ መብራት ይበላል። በሳሙናውም በኩል ነገሩ ያው ነው፤ ሳሙና መጀመሪያ ከካልሺየሙ ጋር እየተዋሐደ የማይሟሟ ግራጫ እድፍ ስለሚሆን፣ ካልሺየሙ እስኪያልቅለት ድረስ የምናፈሰው ሳሙና ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ይህ ሁሉ ወጪ በውኃ ቢሉ ላይ አይጻፍም፤ የሚከፍለው ግን ያው ቢሉን የሚከፍለው ሰው ነው።

ሰው ሲቸግረው መፍትሔ ይፈልጋልና በዚህ መሐል የሚነግዱብን አልጠፉም። የከሰል ፊልተር የክሎሪን ሽታንና ጣዕምን ይቀንሳል እንጂ ካልሺየም አያስቀርም፤ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔትም ጥንካሬን እንደሚያስወግድ አሳማኝ ማስረጃ የለውም። በእርግጥ የሚሠራው ካልሺየሙንና ማግኒዥየሙን ይዞ በምትካቸው ሶዲየም የሚለቀው ማለስለሻ ነው፤ እርሱም በየጊዜው ጨው ይጠይቃል፣ ሲታደስም ብዙ ጨዋማ ውኃ ይደፋል፣ በሊትር 200 ሚሊግራም ጥንካሬ ባስወገደ ቁጥርም ወደ 90 ሚሊግራም ሶዲየም በውኃው ላይ ይጨምራል። ጨው እንዲቀንስ ሐኪም ያዘዘው ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥ የሚሆን ያልለሰለሰ ቧንቧ ለብቻው ማስቀረት አለበት ማለት ነው። ቶማስ ክላርክ የተባለው ኬሚስት ውኃን በኖራ የማለስለስ ዘዴ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው፤ በማከሚያ ጣቢያ ደረጃ ለሁሉም አንድ ጊዜ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እየታወቀ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ማከሚያ ጣቢያ እንዲያቋቁም ሲጠበቅበት በጣም ያሳዝነኛል። ጣቢያ መገንባት ገንዘብና ጊዜ እንደሚፈልግ ይገባኛል። አቅም የለንም የሚል ካለ ግን በግልጽ ይንገረን፤ ችግሩ የለም አይበለን።

ቡናማው ውኃ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ሆኖ ሳለ በአንድ መልስ ይጠቀለላል። ካልሺየም ውኃን ቡናማ አያደርግም። ውኃ ሲቋረጥ በመሥመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በዙሪያው ያለው እድፍ በዚያው ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል፤ ውኃው ሲለቀቅም ድንገተኛው ግፊት በቧንቧው ወለል ላይ የተኛውን ዝገትና ደለል ቀስቅሶ ያመጣዋል። በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም በላይ ብረት ያለበት ውኃ የታጠበን ልብስ ያቆሽሻል፤ የእኛን ነጭ አንሶላዎች የተመለከተ ሰው ይህንን ለማመን ላብራቶሪ አያስፈልገውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመሥመር ጫፍ ላይ መሆናችን ነው። ጀርሞችን የሚገድለው ክሎሪን ከማከሚያ ጣቢያው ሲነሣ የነበረው መጠን በመንገዱ እየሳሳ ይሄዳል፤ ውኃው ብዙ ሰዓት በቧንቧ ውስጥ በቆየ ቁጥር፣ ደለልና ዝገት ባገኘ ቁጥር ይበልጥ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውኃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቦታ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲተርፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ ናሙናው የተወሰደው ከየት ነው? ከዋናው ማጠራቀሚያ አጠገብ የተቀዳ ናሙና ጥሩ ውጤት ማምጣቱ በመጨረሻው ቤት ቧንቧ ላይ ስላለው ውኃ የሚነግረን ነገር የለም፤ ሆኖም «ደረጃውን የጠበቀ ነው» የሚለው ቃል ሲነገረን የናሙናው ቦታም ሆነ ቀኑ አብሮ ተነግሮን አያውቅም።

ይህንን የምለው ቃል ብቻ ይዞ መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል የታየ ስለሆነ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በምትገኘው ፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውኃ ምንጩ ሲቀየር ቧንቧን ከመበላት የሚከላከለው ኬሚካል ሳይጨመር ቀረ፤ ነዋሪዎች ቀለሙ የተለወጠ ውኃ በጠርሙስ እየያዙ አቤት ሲሉ ውኃው ችግር የለበትም ይባሉ ነበር። በኋላ ግን እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከአሮጌ ቧንቧዎች እየተፋቀ ወደ ውኃው መግባቱ ተረጋገጠ፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ወደ ቀድሞው ምንጯ ተመለሰች። የእኛ ሰፈር ውኃ እንደዚያ ነው አላልኩም፤ እንደዚያ አለመሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ግን ማንም አላሳየንም።

ስለዚህ ጥያቄዬን እንደገና በጽሑፍ አቀርባለሁ። የጥንካሬው፣ የብረቱ፣ የድፍርስነቱና የቀሪው ክሎሪን መጠን ናሙናው ከተወሰደበት ቦታና ቀን ጋር በየሰፈሩ ይለጠፍ፤ ከናሙናዎቹም ቢያንስ አንዱ ከመሥመሩ መጨረሻ ካለ ቤት ይቀዳ። ምንጩ ሲቀየር ወይም ሁለት ጉድጓዶች ሲቀላቀሉ የውኃው ጥንካሬ ስለሚለዋወጥ አስቀድሞ ይነገረን፤ ማሞቂያ ያለው ሰው ሙቀቱን ቀነስ ለማድረግ፣ ማለስለሻ ያለው ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል። ውኃ ተቋርጦ ሲመለስም የጫፉ መሥመር ለብቻው ተከፍቶ ደለሉ ይውጣ፤ ያ ውኃ አሁን የሚወጣው በቆጣሪያችን አልፎ፣ እኛ እየከፈልንበት ነው። እናንተም በዚህ ሰፈር የምትኖሩ፣ ቡናማ ውኃ በወረደ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡልኝ፤ ከማመልከቻው ጋር አያይዤ አስገባዋለሁ።