ይድረስ ለድንኳናችን ጠብታ

ጉዳዩ፦ ግንባሬ ላይ ያለማቋረጥ ስለ መውደቅዎ

ክብርት ጠብታ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጉንፋኑ በቀር ደህና ነኝ። ጉንፋኑም የእርስዎ ስጦታ ስለሆነ እንደ ውለታ ቆጥሬዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ በለጤ ደን ውስጥ አብረን ያደርናትን ሌሊት እንደማይረሷት አምናለሁ። ስለ መስተንግዶዎ ሳላመሰግን መቅረቴም ይቆጨኛል። ሰው እንግዳ ሲመጣበት ጠብ እርግፍ ይላል፤ እርስዎ እርግፉን ትተው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በጠብ ብቻ አስተናገዱኝ። ሌላ ጠብ በሽማግሌ ይበርዳል። የእርስዎን ጠብ የሚያበርድ ሽማግሌ ግን በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል?

እርግጥ ቤት አስጠንቅቀውኝ ነበር። እናቴን «ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ድንኳን ልንተክል ነው» ስላት ነጠላዋን ልትዘቀዝቅ ጫፉን ይዛ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም እንዳልሞተ፣ ሰርግም እንደሌለ፣ በገዛ ፈቃዳችን በክረምት ጫካ ገብተን ልንተኛ እንደሆነ ስነግራት ተረጋጋች። «እንግዲያው የምትሞቱት ገና ነዋ!» ብላ ሽሮዋን ወደ ማማሰል ተመለሰች።

ዝናቡን አልከስም። የጅማ ዝናብ ባለርስት ነው፤ ቡናውንም ጫካውንም ያሳደገ እሱ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ያወርዳል፤ በጀሪካን ሲሰላ በእያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ 75 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። የድንኳናችን ወለል አራት ካሬ ነው፤ የዓመት ድርሻው 300 ጀሪካን ይደርሳል። (ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ሲያነብ ምራቁን ይውጣል።) ያም ሆኖ ዝናቡ ጨዋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያውን ደበደበ እንጂ ሰተት ብሎ አልገባም። የገቡት እርስዎ ነዎት።

ቆይ፣ አንድ ትራስ ተጋርቶ ላደረ ሰው አንቱታ ምን ያደርግለታል? አንቺ ልበልሽ።

በስልኬ መብራት ስፈልግሽ ልክ ከግንባሬ በላይ አገኘሁሽ። እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብለሽ ትንጠለጠያለሽ፣ ቀስ በቀስ ሆድሽ ይከብዳል፣ ትንሽ ትንቀጠቀጫለሽ፣ ከዚያ ቅንድቤ መሃል ጠብ! ወደ ቀኝ ስዞር ጆሮዬ ውስጥ። ወደ ግራ ስዞር ከጓደኛዬ ክርን ጋር ጥርሴ ይጋጫል። ድንኳኑን ያዋሰንን ልጅ ሌሊቱን በሙሉ በልቤ ስረግመው አደርኩ፤ «አያፈስም» ብሎ ምሎልን ነበርና።

ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ አባራ። አንቺ ግን ቀጠልሽ። ሰማዩ ከዘጋ በኋላ ውሃ የምታመጪው ከየት ነው?

መልሱን የሰጠችኝ ባና ለብሳ በሙቀት ስታንኮራፋ የነበረችው ጓደኛችን ናት። አንድ ዓይኗን ገልጣ «የራሳችሁ ትንፋሽ ነው፤ መስኮቱን ማን ወተፈው?» ብላ ተመልሳ ተኛች። የድንኳኑን መተንፈሻ «ብርድ ይገባል» ብዬ በካልሲ የወተፍኩት እኔ ነበርኩ። ያውም በቀረችኝ ብቸኛ ደረቅ ካልሲ! አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በላቡ የሚያወጣው ውሃ ከአንድ ሲኒ ቡና ይበልጣል፤ እኛ ደግሞ አራት ነን። እርጥቡ አየር መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ናይለን ላይ ይለጠፋል፣ ይጠራቀማል፣ አንቺን ይሆናል። ለካ የሥጋ ዘመዴ ነሽ። ልጁንም በከንቱ ረገምኩት።

ከወለሉ የመጡት ግን ዘመዶቼ አይደሉም። ከሥር ያነጠፍነውን ላስቲክ ለውበት ብለን ጠርዙን ከድንኳኑ ውጭ ተረፍ አድርገነው ነበር። ከግድግዳው የወረደውን ዝናብ እየተቀበለ ከድንኳኑ ሥር አስገባልን። ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ጅሬን ኮረብታ ላይ የሠሩት ለእይታው ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኛ ከሁሉ ዝቅ ያለችውን ለጥ ያለች ሣር መረጥን፤ ለጥ ያደረጋት ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ጋቢዬ ጥጥ አይደል? ሲጠጣ አድሮ ጠዋት ለሁለት ጠምዝዘን ጨመቅነው። ባናው ሱፍ ስለሆነ ጫፉ ረጥቦም ይሞቅ ነበር፤ ባለቤቲቱ ግን ለማካፈል ፈቃደኛ አልነበረችም።

መሃል ላይ አንዱ «የከሰሉን ምድጃ እናስገባው» ብሎ ተነስቶ ነበር። በዚህ ብቻ ሁላችንም ባንድ ድምፅ ጮህንበት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳንቺ ጠብ እያለ አይቀሰቅስም፤ ሽታ እንኳ የለውም። እናቴ ደግሞ ነጠላዋን ይዛ እየጠበቀች ነው።

ጠዋት ጋቢ ስንጨምቅ አንድ ትንሽ ልጅ የኮባ ቅጠል ደፍቶ በአጠገባችን አለፈ። ጭንቅላቱ ደረቅ፣ ትከሻው ደረቅ። ቆሞ አየን፣ ድንኳኑን አየ፣ ከዚያ በኦሮምኛ «ቤት የላችሁም?» አለን። ቅጠሉን እንዲሸጥልን ጠየቅነው። ሳቀብን።

በመስከረም ማለቂያ እንመለሳለን። ከፍ ያለ ቦታ እንይዛለን፣ ላስቲኩን ወደ ውስጥ እናጥፋለን፣ ካልሲዬን በፌስታል ቋጥሬ እደብቃለሁ፣ መስኮቱንም አልወትፍም። ጭራሽ አትምጪ አልልሽም፤ ዘመድ ዘመድ ነው። ከመጣሽ ግን በግድግዳው በኩል ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ወይም እግሬ ላይ ውደቂ።

ከሰላምታ ጋር፣
ቅንድቡ ያልደረቀው

ግልባጭ፦
ለጅማ ዝናብ
ለጋቢዬ (አሁንም ገመድ ላይ)
ለእናቴ (ማንም አልሞተም)