ማስተካከያ፦ ቀዶ ሕክምናው ስኳርን «ይነቅላል» ያልኩት ልክ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ስለ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ስጽፍ «የስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የገባኝ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ቡና ላይ ነው። ጽሑፉን ልጃቸው አንብቦላቸው ኖሮ፣ አንዲት እናት የኢንሱሊን ብልቃጣቸውን ከፍሪጅ አውጥተው «ታዲያ ልጄ፣ ከዚህ መገላገያ አለ ማለት ነው?» አሉኝ። ደነገጥኩ።

ቀዶ ሕክምናው ዓይነት 2 ስኳርን ጋብ ሊያደርገው ይችላል። ጠፋ ግን አይባልም፤ ከዓመታት በኋላ የሚመለስባቸው አሉ። በ150 ሰዎች ተጀምሮ የ5 ዓመት ውጤቱ በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። የሦስት ወር አማካይ የስኳር ልኬታቸው ወደ ጤናማው ተጠግቶ 6 ከመቶና ከዚያ በታች የሆነላቸው፣ ምግብ አብዛኛውን ጨጓራ ሳይነካ እንዲሄድ ከተደረገላቸው 29 ከመቶ፣ ጨጓራቸው ተቆርጦ ከጠበበላቸው 23 ከመቶ ናቸው። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ደግሞ 5 ከመቶ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። «ይነቅላል» ለማለት ግን አያበቃም። በሽታው የቆየበትና ኢንሱሊን የጀመረ ሰው ዕድሉ ያንሳል። ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን ማምረት የሚያቅተው ዓይነት 1 ከሆነማ ኢንሱሊን አይቀርም።

«ስኳሩ የሚወርደው ሰውየው ስለሚከሳ ነው» ያልኩትም ጎዶሎ ነው። ምግቡ ቶሎ አንጀት ሲደርስ ኢንሱሊን የሚያነቃቁ ሆርሞኖች ይጨምራሉ። ኪሎው ገና ሳይነቃነቅ በቀናት ውስጥ ስኳራቸው የሚወርድ አሉ።

ደም ግፊትና የጉበት ስብም ይሻሻላሉ ያልኩት እንዳለ ይቆይ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዕድሜ ልክ የሚዋጠውን ቫይታሚን ግን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ብልቃጡ ፍሪጅ ተመልሷል።