ሶላር ለማጠብ የክረምቱ ውሃ ይበቃል

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ መብራት ሲጠፋ የማይጨልሙ ቤቶች እየተበራከቱ ነው፤ በየጣሪያው ሶላር ተሰቅሏልና። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲጠባ ግን ከኮረኮንቹ መንገድ የሚነሳው አቧራ መስታወቱን እየሸፈነ የሚመነጨውን ኃይል ይቀንሰዋል፤ የሶላር እጥበት ገበያ ማግኘት የጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የምቃወመው ሥራውን ሳይሆን አሠራሩን ነው።

ባለፈው ጥር ጎረቤቴ የቀጠረው አጣቢ እኩለ ቀን ላይ የልብስ ሳሙና ዱቄት በጥብጦ፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይዞ፣ ፓነሉ ላይ ቆሞ ሲፈትግ አይቻለሁ። ነጸብራቅ እንዲቀንስ በመስታወቱ ላይ የተቀባው ስስ ሽፋን በሽቦ ይጫራል፤ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙና የሚያጣብቅ ቅሪት ትቶ አቧራውን መልሶ ይይዛል፤ በፀሐይ የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የሰው ክብደት ደግሞ ከሥሩ ያሉትን፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩትን የሲሊከን ሴሎች በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ይጎዳቸዋል። ፓነሉ በቀን ብርሃን ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን እንደማያቆም፣ ሊይዘውም እንደሚችል፣ ለዚያ ልጅ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ዝናብ ያጥበው የለ?» የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፓነሎች እዚህ ብዙ አዘንብለው አይተከሉም፤ ስለዚህ ካፊያ ያወረደው ጭቃ በታችኛው ክፈፍ ላይ ተጠራቅሞ ይደርቅና የመጨረሻውን የሴል ረድፍ ይጋርዳል። የወፍ ኩስም እንዲሁ ነው፤ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲጋረድ የሌሎቹንም ኃይል ያንቃል፣ ራሱም ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የውሃው ነገር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተገዝቶ በሚጠጣበት ሰፈር፣ የቧንቧ ውሃ ጣሪያ ላይ ማርከፍከፍ ለእኔ ነውር ነው። የጉድጓድ ውሃም ቢሆን ካልሲየምና ማግኒዝየም ከበዛበት፣ ሲደርቅ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት መስታወቱ ላይ ይተዋል። የዝናብ ውሃ ከእነዚህ ማዕድናት የጠራ ነው ማለት ይቻላል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ ስለዚህ በ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ የሚባክነው ሳይቀነስ፣ 5,000 ሊትር ይሆናል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በየወሩ ከዚህ የሚበልጥ ይዘንባል። የመጀመሪያውን ዝናብ የጣሪያውን ቆሻሻ ይዞ ስለሚወርድ መድፋት፣ ውሃው የሚጠራቀምበትንም ሮቶ ብርሃን እንዳይገባውና እንዳይሻግት አጥብቆ መክደን ነው።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ለስላሳ ብሩሽና የደህንነት ቀበቶ ይዞ መምጣት፣ ውሃውንም ከደንበኛው የክረምት ሮቶ መቅዳት ይኖርበታል። ወረዳዎችም ለወጣት ማኅበራት የሥራ ፈቃድ ሲሰጡ ይህንኑ አሠራር ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ አሁን ባለው ሁኔታ መሰላል ያለው ሁሉ አጣቢ ነው። ጎረቤቴ ዘንድሮ አሸንዳ አስገጥሞ ከሥሩ ሮቶ አስቀምጧል፤ በሽቦ የተጫሩት ሁለት ፓነሎች ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ከበረንዳዬ ይታዩኛል።