ምርቱ ካለቀ በኋላ ፈታሽ መጥራት

የኤሌክትሪክ ዕቃው ተነድፎ፣ ሻጋታው ተሠርቶ፣ ካርቶኑ ሳይቀር ታትሞ ካለቀ በኋላ «ቶሎ የደህንነት ሰርተፍኬቱን ስጡን» ማለት ምን የሚሉት ልማድ ነው? ቻርጀር ውስጥ የ230 ቮልቱ ወገንና ሰው የሚነካው የ5 ቮልት ወገን በቦርዱ ገጽ ላይ 5 ሚሊሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው። 3 ሚሊሜትር ከሆነ ተራ ቫርኒሽ ቀብቶ ማለፍ የለም፤ ቦርዱ እንደገና ይነደፋል። ይህን የሚናገር መሐንዲስ ግን ሥራ አደናቃፊ ይባላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የግራውንድ ሽቦው፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። ብረት አካል ያለው ምድጃ ላይ 25 አምፔር ተለቆ ሲለካ፣ የስፒናው ገመድ ሳይቆጠር፣ ከምድጃው የግራውንድ ማሰሪያ እስከ ብረቱ ያለው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው ኃይል) ከ0.1 ኦም መብለጥ የለበትም። ብሎኑ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ከታሰረ ግን ቀለሙ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ምድጃው ፈተናውን ይወድቃል። ቀለሙን ፍቆ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ማስገባት ስንት ይፈጃል? በሳንቲም የሚቆጠር ነገር! ውስጥ ያለው ሽቦ ተልጦ ብረቱን በነካ ቀን ምድጃውን የምትነካው እናት ናት እኮ።

«ሲኢ (CE) ምልክት አለው»፣ ማለትም የአውሮፓን የደህንነት መስፈርት ያሟላል የሚለው ምልክት አለው፣ የሚሉትም ይብቃቸው። በአብዛኛው የቤት ዕቃ ላይ ያንን ምልክት የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፤ ገለልተኛ ላቦራቶሪ ፈትሾታል ማለት አይደለም።